የሚስማሩ ቀዳዳ

በስደት አገር፣ ወደምኖርበት ቤሪያ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ፣ ማስክ ያደረጉ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ። አንደኛዋ የአንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ቤት ታጸዳለች።

«ሚስታቸው በኮሮና ከሞቱ ወዲህ እግዚአብሔር የለም ይላሉ።»

«ውይ! እንዲህ ይባላል?»

«የበሩ መቃን ላይ ጸሎት የተጻፈባት ወረቀት ያለችበት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ሲገቡ ሲወጡ ነክተዋት ጣታቸውን ይስማሉ። አንድ ቀን ንቀያትና ጣያት አሉኝ።»

«ነቀልሻት?»

«ምን ላድርግ? ነቀልኳት።»

«ከዚያ መሳሙን ተዉ?»

«የት ይተዋሉ! እስከ ዛሬ የሚስማሩን ቀዳዳ ነክተው፣ ማስካቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጣታቸውን ይስማሉ።»

«ለምን ብለሽ አልጠየቅሻቸውም?»

«ጠየቅኋቸው። ‹እኔ ትቻለሁ፤ ለእጄ ማን ይንገረው?› አሉኝ።»

«ሳጥኗን ጣልሻት?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ናት። የት አደረግሻት እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነው።»

«ካልጠየቁሽስ?»

«ይጠይቃሉ።»

ቤሪያ ወርጄ፣ ከሰኔ ወዲህ ብቻዬን የቀረሁበትን ክፍል ስከፍት፣ እንደ ልማዴ «ቤቶች!» ልል አፌን ከፍቼ ቆምኩ።