ወደ ሐይቁ የሚያስወጣው በር

ሐይቁ ዳር ሞተው ከተገኙት ወፎች መካከል የእኔ ቀለበት እግሩ ላይ የሌለበት አንድም አልነበረም። ለአንድ የወፍ ተመራማሪ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ሥራዬ ቀላል ነው። የዱር ወፎችን በመረብ እይዛለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ከጉሮሯቸው ናሙና እወስዳለሁ፣ ቁጥር ያለበት ስስ የብረት ቀለበት እግራቸው ላይ አስሬ እለቃቸዋለሁ። ወፉ ሌላ ጊዜ ሲያዝ ወይም ሞቶ ሲገኝ ቁጥሩ የት የት እንደዋለ ይናገራል፤ በሽታ ሲነሳ ደግሞ ከየት ወደ የት እንደተጓዘ ለመገመት ይረዳል። ቀለበቱ ከእህል ፍሬ ብዙም አይከብድም፤ ማንንም አይገድልም። ይህን እንደ ስሜ አውቃለሁ።

ነገር ግን ሰፈርተኛው "ይኸው ያንቺ ነው" እያለ የሞተ ዳክዬ በራፌ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሁሉም ባለቀለበት ሲሆን፣ እንደ ስሜ የማውቀውን መጠራጠር ጀመርኩ። ሐይቁ ላይ ቀለበት የሌላቸው ወፎች ይበዛሉ። ታዲያ ለምን እነሱ አይሞቱም? ናሙና የላክሁለት ላቦራቶሪም "መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ተበላሽቷል፤ በድጋሚ ይላክ" አለኝ። ግራ ገባኝ። ግራ መጋባት ደግሞ አልወድም።

ሰፈሩ ግን ግራ አልገባውም ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ስመለስ፣ ከሱቁ ጥግ ላይ ከአጎቴ ጋር ፊት ለፊት ስንገጣጠም ነው። እኔ የሞተ ዳክዬ ያለበት ፌስታል አንጠልጥያለሁ፤ እሳቸው ቢጫ ጄሪካን ይዘዋል። ጄሪካኑ ላምባ ላምባ ይሸታል።

"ደህና ዋሉ ጋሼ? ላምባው ለምንድን ነው?"

"ለወፎችሽ።"

ቀልድ መሰለኝ። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲቀልዱም ሲቆጡም ፊታቸው አንድ ነው፤ ሁልጊዜ በከንፈራቸው መርፌ የያዙ ይመስላሉ። ሰፈሩ "መቀስ" ይላቸዋል፤ ሌላው ሰው ገና ነገሩን ሲያብላላ እሳቸው ቆርጠው ስለሚጨርሱ።

"ሸምበቆውን ልናቃጥለው ነው" አሉ። "ጎረቤቶቹ ከግቢዬ ግንብ ኋላ እየጠበቁኝ ነው። ሸምበቆ ከሌለ ወፍ አያድርም፤ ወፍ ካላደረ በሽታ የለም፤ የተረፉት ዶሮዎቼም ይተርፉልኛል። አለቀ።"

"ማን ወሰነ?"

"እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል?"

"ጋሼ፣ ክብሪቱን ከመጫርዎ በፊት ትንሽ ብቻ ያዳምጡኝ።"

"ትንሽ ብቻ። ያንን ፌስታል ግን ቤቴ እንዳታስገቢው።"

ፌስታሉን ቋጥሬ ከደጅ ሰቀልኩት፤ ጓንቴን አውልቄ እጄን ታጠብኩና ተከትያቸው ገባሁ። የስፌት ቤቱ ከመንገድ በኩል ነው። ሁለት መኪናዎች አሉ፤ አንደኛው ይሠራል፣ ሁለተኛው የተተኮሰ ልብስ ይሸከማል። ከስፌት ቤቱ ኋላ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ኋላ የዶሮዎቹ ግቢ፣ ከግቢው ጫፍ ደግሞ ወደ ሐይቁ የሚያስወጣ የቆርቆሮ በር አለ። ይህ በር ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። አንድ ትልቅ ድንጋይ ተደግፎት ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል፤ ዶሮዎቹ ጠዋት በሱ ወጥተው ሐይቁ ዳር ሲለቅሙ ይውሉና ሲመሽ ይገባሉ። በዚያ ረድፍ ያሉት ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው።

የአጎቴ ዓይን ከደከመና ደንበኛው ወደ ተዘጋጀ ልብስ ፊቱን ካዞረ ወዲህ ቤቱን የያዘው እንቁላል ነው። ስለዚህ ቁጣቸው የጉራ ቁጣ አልነበረም። እንደሱ ቢሆን ኖሮ እኔም ትዕግሥቴን ባላባከንኩ።

"ሸምበቆው ሲቃጠል ወፎቹ የት የሚሄዱ ይመስልዎታል?" አልኳቸው።

"የራሳቸው ጉዳይ።"

"የታመመ ወፍ ሩቅ መብረር አይችልም። ቅርብ ያገኘው ውሃና ጥላ ላይ ያርፋል። የእርስዎ ግቢ የውሃ ገንዳ አለው፣ ጥላ አለው፣ በሩም ክፍት ነው።"

"እያስፈራራሽኝ ነው?"

"እየነገርኩዎት ነው።"

"እንግዲያው በሽታው ምንድን ነው? ስሙን ንገሪኝ።"

"አላውቅም።"

አጎቴ አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር አውርደው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

"አላውቅም? ይህን ሁሉ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ተጎልተሽ አላውቅም? ደንበኛ ሱሪውን አምጥቶ 'የቱ ጋ ነው የጠበበኝ' ሲለኝ 'አላውቅም' ብለው፣ ያንኑ ሱሪ አንገቴ ላይ አይጠመጥምልኝም?"

"ፈንግል ሊሆን ይችላል። የወፍ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ያለ ላቦራቶሪ እለያለሁ የሚልዎት ሰው ካለ እየዋሸዎት ነው።"

"ላቦራቶሪውስ ምን አለ?"

"ድጋሚ ላኪ አለኝ።"

"እሱም አያውቅማ! በይ እንግዲያው እኔ ላስተምርሽ። ቀለበት ያሰርሽለት ይሞታል፤ ያላሰርሽለት አይሞትም። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ይህ የደከመ ዓይኔም ይበቃል።"

የሚያናድደው ነገር፣ እኔም ማስረጃው ሁሉ ወደሳቸው ሲያደላ ይታየኝ ነበር። ድምዳሜያቸው ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ ግን ማየት አልቻልኩም። ሰው ትክክል ሆኖ መልስ ሲያጣ እንዴት ያለ ሞኝ እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

በዚህ መካከል የአጎቴ ባለቤት አንዲት ቀይ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው ከግቢው ገቡ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይቺም ውሃ አልጠጣም አለችኝ። አንገቷን ተመልከተው።"

እኔ ግን የተመለከትኩት እግሯን ነው። በቀይ የስፌት ክር ታስሯል።

"እትዬ፣ ይህ ክር ምንድን ነው?"

"የኛ መሆኗ እንዲታወቅ ነዋ! ሐይቁ ዳር ከጎረቤት ዶሮ ጋር ይደባለቃሉ። የኛ በቀይ ክር፣ የጎረቤት ደግሞ በሰማያዊ ጨርቅ። ሰውዬው ክር ሞልቶታል፤ ሁሉንም አስሯቸዋል።"

"ጋሼ፣ የሞቱብዎት ዶሮዎች ክር ነበራቸው?"

"ሁሉም ክር አላቸው አልተባልሽም?"

"እንግዲያው የገደላቸው ክሩ ነው።"

እትዬ ዶሮዋን እስኪያናውጧት ሳቁ። አጎቴ ግን አልሳቁም።

"ክር እንዴት ዶሮ ይገድላል? ይልቅ ቀልዱን ተዪና ስሚኝ። እኔ ዶሮዎቼን በሙሉ ነው ያሰርኩት፤ ስለዚህ የሞተው ሁሉ ባለክር ቢሆን አይገርምም። አንቺ ግን የሐይቁን ወፍ በሙሉ አላሰርሽም። ያልታሰረው የት ሄዶ ነው የማይሞተው?"

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ በር ረግጠው የማያውቁት ሰው በጨዋ አማርኛ ጠየቁኝ። ጊዜ ለመግዛት ያህል፣

"እስቲ እርስዎ ያመጡልኝን ዳክዬ እንዴት እንዳገኙት ይንገሩኝ" አልኩ።

"እንዴት አገኘዋለሁ? በግንቡ በኩል ሳልፍ ሸምበቆው ውስጥ አንድ ነገር ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። ቀረብ ብዬ ሳይ ቀለበትሽ ነው።"

"የማያብለጨልጨውንስ?"

"የማያብለጨልጭ ነገር ሸምበቆ ውስጥ ማን..." ብለው አቆሙ።

እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ። "ፈልገን አናውቅም ጋሼ። እኔም እርስዎም። ሰው አይቶ የሚያነሳው የሚያብለጨልጨውን ነው፤ ወደኔ የሚያመጣውም 'ያንቺ ነው' ሊለኝ የሚችለውን ብቻ ነው። ይምጡ፣ አብረን እንየው። ቀለበት የሌለው ካጣን ላምባውን እኔ ራሴ አርከፈክፋለሁ።"

"በቃልሽ ቁሚ" አሉና ዱላቸውን አነሱ።

በቆርቆሮው በር ስንወጣ ከግንቡ ጥላ የተቀመጡት ጎረቤቶች ብድግ አሉ። "መቀስ መጣ! ላምባውስ?" አለ ባለሰማያዊ ጨርቁ ጎረቤት።

"ቆይ፣ ልጅቷ የምታሳየኝ ነገር አለ። ደግሞ እንዳትከተሉን፤ ሠርግ አይደለም።"

አጎቴ ሸምበቆውን በዱላቸው ከፈል አደረጉት። ሽታው ቀድሞ መጣ። ከዚያ ዳክዬ ታየ፣ ቀለበት የሌለው። ከሱ እልፍ ብሎ ሌላ ዳክዬ፣ ከዚያ ክንፏን የዘረጋች ነጭ ሳቢሳ። በገለጡ ቁጥር ሌላ ይታያል። አንዱም እግር ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አልነበረም። አጎቴ እጃቸውን ሲዘረጉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"በባዶ እጅ አይነካም።"

"እሺ" አሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ትንሽ ወደ ውስጥ እንደሄድን አንድ ቁራ ከሚበላው ነገር ላይ ተነሳ። ከሥሩ የዶሮ ላባ፣ ከላባው ሥር የዶሮ እግር፣ እግሩ ላይ ቀይ ክር።

"ገብስማዋ!" አሉ አጎቴ። "ይቺ እኮ የኔዋ ገብስማ ናት።"

"ሞታ ነው ወይስ በሕይወቷ እዚህ የመጣችው?"

"ሞታ። እኔ ነኝ በግንቡ ላይ ወዲህ የጣልኳት።" ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። "ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። ከግንቡ ወዲያ ያለው የማንም አይደለማ። አሞራ ይወስደዋል ብለን ነው።"

"ወስዶታል" አልኩ።

እኔ በሆዴ መንገዶቹን አሰላ ነበር፤ ባሰላሁ ቁጥር ይበልጥ ይተበተቡብኛል። በሽታው ከዳክዬ ወደ ገብስማዋ? ከገብስማዋ ወደ ቁራ፣ ከቁራ ወደ ዳክዬ?

"ከኔ ወደ እነሱ ነው ወይስ ከእነሱ ወደ እኔ?" አሉ አጎቴ፣ ያሰብኩትን የሰሙ ይመስል።

"አላውቅም። ዶሮዎቹ መሞት ሳይጀምሩ ከገበያ አዲስ ዶሮ ገዝተዋል?"

"ገዝቼ ቀላቅያለሁ። ያቺም ሞታለች።"

"ያውልዎ፣ ይባስ ብሎ ሌላ መንገድ መጣ። እርግጡን ላቦራቶሪው ይነግረን ይሆናል፤ ላይነግረንም ይችላል። ግን ጋሼ፣ ከየትም ይነሳ፣ ወደ ቤትዎ የሚገባውም ከቤትዎ የሚወጣውም በዚያ በር ነው።"

አጎቴ ዞረው በራቸውን አዩት። ሁለት ዶሮዎች በድንጋዩ ላይ ዘለው እየወጡ ነበር።

ስንመለስ ደጁ ላይ አስቁሜያቸው የጫማችንን ሶል በበረኪና አጠብኩ። እሳቸው አንድ እግራቸውን አንስተው ግንቡን ተደግፈው ይከራከሩኛል።

"ብዘጋው ምን አገኛለሁ? ሐይቁ ዳር በነፃ ጠግበው ይገቡ ነበር። አሁን መኖ ልገዛ ነው።"

"መኖ ይገዛሉ። ሐይቁ ዳር በነፃ የሚለቅሙት ግን እህል ብቻ አይደለም፤ የዳክዬ ኩስም አለበት። በሩ ከተዘጋ ሐይቁ ላይ ምንም ይውረድ፣ ግቢ ያሉት የመትረፍ ዕድል አላቸው። ግቢ ያለችው ብትታመምም በሽታው ከግንቡ አያልፍም፤ ከጎረቤትም አይጣሉም። ከገበያ የመጣች ዶሮ መጀመሪያ ለብቻዋ ትሰንብት። የሞተችውን በፌስታል ይዘው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ኖራ በትነው ይቅበሯት፤ ውሻ እንዳያወጣት። ለሐይቅ አንድ ጫማ፣ ለግቢ ሌላ ጫማ። እጅ በሳሙና። ስሙን ሳላውቅ ልነግርዎት የምችለው ይኸው ነው።"

"ይቺንስ?" አሉ እትዬ፣ ቀይዋን ዶሮ እንዳቀፉ።

"እሷ አትታረድም፣ አትሸጥም። ለብቻዋ ይዝጉባትና እጅዎን ይታጠቡ። ነገ ጠዋት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ።"

"ሸምበቆውስ?" አሉ አጎቴ። አሁን የሚጠይቁት ለመከራከር አልነበረም፤ ለሰዎቹ የሚሉትን እየለኩ ነበር።

"ሸምበቆው ከቆመ የታመሙት እዚያው ይሰነብታሉ፤ እኔም እየዞርኩ አያለሁ፣ ቀለበት ያለውንም የሌለውንም። የሚቀጥለው በሽታ ሲመጣ ዶሮዎ ሳይታመም በፊት እነግርዎታለሁ። ካቃጠሉት ግን በሽታውን በገዛ እጅዎ፣ በክንፍ፣ ለየቤቱ አደሉት ማለት ነው።"

አጎቴ ያነሱትን እግራቸውን መሬት ላይ መልሰው አሳረፉ።

"የማታውቂው ነገር ብዙ ነው" አሉ።

"ብዙ ነው።"

"ሱሪው የቱ ጋ እንደጠበበ ሳላውቅ ስፌቱን አልቀድም ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ላቃጥል ተነሳሁ።" ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አንቺ፣ ያንን ላምባ ከስፌት ቤቱ አንሺልኝ።"

"ምድጃዬ ከጨረሰ ሰነበተ" አሉ እትዬ፤ አጎቴ ሐሳባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ጄሪካኑን ሊያነሱ ወደ ውስጥ ተጣደፉ።

ከግንቡ ወዲያ ጎረቤትየው ተጣራ። "መቀስ! መሸ እኮ! ቆረጥክ ወይስ አልቆረጥክም?"

"መጣሁ!"

አጎቴ የግቢ ጫማቸውን አወለቁና ከደጅ የቆመውን አሮጌ ቦት ጫማ አደረጉ። የወጡትን ሁለት ዶሮዎች በዱላቸው እያዋከቡ ወደ ግቢ መለሷቸው። ድንጋዩን በእግራቸው ገፉት፤ አልንቀሳቀስ አለ፤ ደግመው ገፉት፣ ተንከባለለ። ወጡና ቆርቆሮውን ከውጭ ሳቡት። ማጠፊያው ዝጎ ስለነበር ጮኸ፣ መሬቱን ፋቀ፣ መሐል ላይ ቆመ። በሙሉ ክብደታቸው ሲስቡት ሰማሁ። በሩ ተዘጋ።