በወንፈል የተሰጠ ደም

በአንዲት የጎጃም ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ደም በሚቀዳበት ክፍል፤ ለጥናት በየጊዜው ደም ከሚሰጡት ጤነኞች አንዱ፣ ገበሬው አያ ጥሩነህ፣ ከነርሷ ከሲስተር የዝና ጋር።

ጥሩነህ፦ አልቀመጥም አልኩሽ። ተራዬ ገና ነው፤ ያለፈው ወር ደም ተሰጥቷችኋል።

የዝና፦ ተራዎን አውቃለሁ፣ አያ ጥሩነህ። ደግመን እንየው ነው የምለው። ክንድዎን ይስጡኝ።

ጥሩነህ፦ ምን ሆኜ? ትናንት ገብስ ሳጭድ ነው የዋልኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

የዝና፦ ጥናቱ የጤነኛ ሰው ደም በጊዜ ብዛት ይለዋወጥ እንደሆነ ለማየት ነው። የእርስዎ ሁለት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ጥሩነህ፦ ታዲያ ሸልሙኛ።

የዝና፦ ባለፈው ወር ተገለባበጠ።

ጥሩነህ፦ ደም አይደል? ሲቆጡ ይፈላል፣ ሲጾሙ ይቀጥናል።

የዝና፦ በትንሹማ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን የጤነኛ ሰው ደም እንደ መልኩ ነው፤ ከሌላው ይለያል እንጂ ከራሱ ብዙ አይርቅም። የእርስዎ የሌላ ሰው መስሏል።

ጥሩነህ፦ እንግዲያ የታመመው ማሽናችሁ ነው።

የዝና፦ ያው ደም ተደግሞ ታይቷል። ሐኪሙ የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብሏል፤ ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልንልክዎት ነው። አይቀልዱብኝ፣ እኔ ተጨንቄያለሁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጥሩነህ፦ አዬ ልጄ፣ በከንቱ ነው የተጨነቅሽው። ልንገርሽና ሳቂ፤ ያ ደም የኔ አይደለም።

የዝና፦ እንዴት?

ጥሩነህ፦ ግሸን ማርያም ስለት ነበረብኝ። ከመንገድ ሳልመለስ ቀናችሁ ደረሰ፤ ልጄን አንዳርጌን ሂድልኝ ብዬው ነበር። ወንፈል ላይም እኔ ካልቻልኩ እሱ ነው ገብቶ የሚያጭድልኝ። ሰው ቃሉን ያጎድላል እንዴ? አንቺ አልነበርሽም፤ ተተኪዋ «ጥሩነህ» ብላ ስትጠራ «አቤት» አለ፣ በቃ።

የዝና፦ አንዳርጌ።

ጥሩነህ፦ እንዲያውም የሱ ይሻላል ብዬ ነው፤ የወጣት ደም።

የዝና፦ አሁን እንዴት ነው እሱ?

ጥሩነህ፦ ደህና ነው። ሰሞኑን ብቻ ማጭዱን ይዞ ቁጭ ይላል። ሰነፍህ ብዬ ሰደብኩት።

የዝና፦ ያተኩሰዋል? ድዱን ያደማዋል?

ጥሩነህ፦ ማታ ማታ ያልበዋል። ድዱንም... ሲስተር፣ ምንድን ነው የምትጠይቂኝ?

የዝና፦ ይቀመጡ፣ አያ ጥሩነህ።

ጥሩነህ፦ አልቀመጥም። ቀልዴን ነው። ግሸንም አልሄድኩ፣ ደሙም የኔው ነው።

የዝና፦ አያ ጥሩነህ...

ጥሩነህ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ ጥሩነህ ይላል። እኔን ላኪኝ። እኔ እንደሆንኩ ኖሬያለሁ፤ እሱ ገና ጎጆ እንኳ አልወጣም።

የዝና፦ እርስዎን ብልክ ጤነኛ ነህ ብለው ይመልሱዎታል። እሱ ደግሞ ሳይታከም አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም፤ ሥራ የሚባል መንካት የለበትም። አሁን የት ነው ያለው?

ጥሩነህ፦ ማሳ ላይ። እስክመለስ አጭደህ ካልጨረስክ ቤቴ እንዳትገባ ብዬዋለሁ።