የቀጥቃጩ ጆሮ

ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ያቺ ብርቱካናማ የሞተር መብራት ትበራለች፤ ማኪናዋም ጉልበት ታጣለች። መካኒኩ በኮምፒዩተር አይቶ ካንዴላ ቀየረልኝ፤ ለውጥ የለም። በማግስቱ ደግሞ ሙሽራ እህቴን ይዤ አዲ አርቃይ መውረድ አለብኝ። «የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርጄ በምን ልወጣው ነው?» እያልኩ ከጠዳ ወደ ጎንደር ስመለስ፣ አያ ታከለን መንገድ ዳር አግኝቼ አሳፈርኳቸው። ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ናቸው።

ትንሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ መብራቷ በራች። አያ ታከለ ጆሯቸውን ቀና አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ ማኪናህ ታፏጫለች?» አሉኝ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ወናፌ ሲቀደድ ልክ እንዲህ ነው የሚያፏጨው። እስቲ አቁማት!»

ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ጎንበስ ብለው እያዳመጡ፣ «በል ግባና ርገጣት!» አሉኝ። ስረግጥ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ እሳቸውም «አገኘሁት!» ብለው ጮኹ። ለሞተሩ አየር የሚያስገባው የጎማ ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ፣ በረገጥኩ ቁጥር አፉን ይከፍት ኖሯል። ከቦርሳቸው የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አውጥተው ጥምጥም አድርገው አሰሩት።

የአዘዞን ዳገት ሽቅብ ስንወጣው መብራቷ ብልጭ እንኳ አላለችም። ነገ እህቴን ይዤ እንደምወርድ እርግጠኛ ሆንኩና በደስታ ማፏጨት ጀመርኩ። አያ ታከለ ግን ዓይናቸውን ከመብራቶቹ አልነቀሉም።

«ይቺ ቀይዋስ ምን ሆና ነው? እሷንም ልይልህ?»

«እሷስ ደኅና ናት አያ፤ እርስዎ ቀበቶ ስላላሰሩ ነው የበራችው።»

ከት ብለው ሳቁና፣ «እንግዲያ እኔን አንተ ጠግነኝ!» ብለው ትከሻቸውን አዞሩልኝ።