አሳማዋ የማንን ቋንቋ ሰማች?

እስቲ ጠጋ በሉ ወዳጆቼ፣ የጎረቤቴን ነገር ላጫውታችሁ።

ከከተማችን ከጎሮካ ገበያ ስመለስ የአያ አታይሮን ምራት ዴልማን መንገድ ላይ አገኘኋት። ሕፃን ልጇን አዝላለች፤ ጓዟን አንጠልጥላለች።

«ወዴት ነው የኔ ልጅ?»

«አገሬ ቺምቡ፣ እናቴ ቤት። ልጄን በእናቴ ቋንቋ እንዳላናግር አማቴ ከለከሉኝ። እሹሩሩ እንኳ በጋራ መግባቢያችን በቶክ ፒሲን በይ አሉኝ! እንዲህ ከሆነ አልመለስም፣ እትዬ።»

እጇን ይዤ መለስኳት። አያ አታይሮ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

«አያ፣ ምን አጠፋች?»

«ደግሞ ዳኛ ሆነሽ መጣሽ? እኔ የራሴንም ትቻለሁ! በዚህ አገር ከስምንት መቶ በላይ ቋንቋ አለ። ሁሉም በየራሱ ከተንጫጫ መቼ ነው አንድ ሕዝብ የምንሆነው? በጎረምሳነቴ በቋንቋ ተቧድነን ስንት ቀስት ተወራውረናል!»

«እውነትዎን ነው፣ መግባቢያ ያስፈልገናል። ቶክ ፒሲን መንገዳችን ነው። ግን መንገድ ያገናኛል እንጂ ማን መንገድ ላይ ያድራል? ለመሆኑ ማሳዎ ላይ ስንት ዓይነት ስኳር ድንች አለ?»

«ዘጠኝ።»

«ለምን አንዱን ብቻ አይተክሉም?»

«ሞኝ ነሽ? አንዱን ውርጭ ቢመታው ሌላው ያበላኛል!» አሉና ነገሩ ገባቸው። ግን ግትር ናቸው፤ «ድንች ድንች ነው፣ ሰው ሰው ነው» አሉኝ።

ይኼን ጊዜ እንደ አገራችን ወግ ለቤተ ክርስቲያኑ ምረቃ ድግስ የተቀለበችው የአያ አሳማ አጥር ጥሳ ቡናው ውስጥ ገባች። አያ በቶክ ፒሲን ጠሯት። በራሳቸውም ቋንቋ ለመኗት። ወይ ፍንክች!

ዴልማ ሳቋን አፍና «አባባ፣ ከትንሽነቷ ያበላኋት እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ ጥሪያት እንጂ!»

«በምን ቋንቋ?»

አያ ሰማይ ሰማዩን አዩ። «...በእናትሽ።»

አንዴ ብትጠራት አሳማዋ እየሮጠች መጥታ እግሯን ታከከች። ዴልማ ጀርባ ላይ ያለችው ሕፃን ደግሞ ጥሪውን በኮልታፋ አንደበቷ ደገመችው! አያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ይቺ አሳማ ቺምቡኛ ስለሰማች የኔ ቤት አሳማ መሆኗ አልቀረም። ልጅሽም እንደዚያው ናት። ጓዝሽን አስገቢ፣ ልጄ።»

እግዚአብሔርስ በጰንጠቆስጤ ዕለት ሰዉን ሁሉ በየቋንቋው አይደል ያናገረው? ምስጋናው ግን አንድ ነበር። ይኸው ልጅቷ አድጋ የአባቷን፣ የእናቷንና ቶክ ፒሲንን ሦስቱንም ትናገራለች። የአባቷና የእናቷ ወገኖች ሲኳረፉ አስታራቂዋ እሷ ናት፤ አያቷም «የኔ ልጅ!» እያሉ ይኮሩባታል።

እናንተም ነገ ጠዋት ጎረቤታችሁን በእናቷ ቋንቋ «እንዴት አደርሽ» እንዴት እንደሚባል ጠይቋት፣ እባካችሁ።