አያት በውሰት

የምሥራች፣ እንዴት አደርሽ? ልጆች ደህና ናቸው? ዝናቡስ እናንተ ጋ እንዴት ነው... እኛ ሰፈር ጭቃው ባጃጅ አላስገባ ብሎ በእግሬ መጣሁ። ነይ፣ ከኋላዬ ቁሚ። ሰልፉ ረዥም ነው፣ ቢሆንም ይሄዳል። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ፎርም ይቀበላሉ። ከዚህ ይሰሙን ይሆን? አይ፣ ሥራ ላይ ናቸው።

እሳቸው ባይኖሩ ይሄን ማኅበር ማን ያቆመው ነበር? "ንጉሡን ያልከዱ ሰዎች ተወላጆች ማኅበር"... ስሙ ራሱ እንዴት ያምራል። ለሚሌኒየሙ ካኔቴራ አሳተሙ፣ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ፎርም በኮምፒውተር አሠሩ። ታማኝነት እኮ ደማቸው ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ ለደርግ ታማኝ፣ ደርግ በወደቀ በማግስቱ ለአዲሶቹ ታማኝ... አንድ ቀን እንኳ ያለ ታማኝነት አድረው ያውቃሉ?

አያታቸው ማን እንደሆነስ ሰምተሻል? ያ ከመቶ ዓመት በፊት የዚህ አገራችን ንጉሥ ከወራሪ ጦር ሸሽተው ጫካ በገቡ ጊዜ ቆጮ ተሸክሞ የተከተላቸው፣ እግሩን ወጥመድ ይዞት እስኪሞት ያነከሰው ሰው። አዎ... የኔ አያት። የአባቴ የወርቅአፈራሁ አባት። ወስደውታል። እኔማ ደስ አለኝ፤ አያቴ ዘመድ አላነሰውም፣ የተማረ ዘመድ ግን አልነበረውም። ደሙም ወዲያው ነው የተዋሃዳቸው፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ያነክሳሉ። ሰኞ በግራ፣ ሐሙስ በቀኝ። እንዲህ ያለ የልጅ ልጅ ማን ያገኛል?

እሑድ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ያስመርቃሉ። "ብቸኛ የልጅ ልጁ አሠራው" ተብሎ ተቀርጿል። እኔን፣ "እትዬ አልጋነሽ፣ ማስረጃ የለዎትም፣ ደጋፊ አባል ላድርግዎት" አሉኝ። በትሕትና ነው የነገሩኝ፣ ወንበርም ስበውልኛል። ቤቴ ገብቼ ማልቀሴን ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው።

የፊተኛው አያታቸውማ... የንጉሡ በቅሎ ጠባቂ ነበሩ። ንጉሡን የሚያሳድደው ጦር የመጣ ዕለት... ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? እሳቸው ልጓሙንም በቅሎዋንም ስበው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ምናልባት የከዳችው በቅሎዋ ትሆናለች፣ ማን ያውቃል? ደካ መንደር ነው የተቀበሩት። ባለፈው ሄጄ መቃብራቸውን ሳማ ውጦት አገኘሁት። ነቀልኩላቸው። አንድ ሽማግሌ "የማን ነሽ?" ቢሉኝ አፌ ቀደመኝና "የልጅ ልጃቸው ነኝ" አልኩ። ምን ላድርግ፣ የኔ ተወስዶብኝ ያለ አያት ልቅር?

ይኸው ፎርሜ። የአያት ስም የሚለው ጋ የኒያን የደካውን ሰው ሙሉ ስም ጽፌያለሁ፣ ከነሥራቸው፣ ከነበቅሎዋ፣ ከነልጆቻቸው፣ ከነልጅ ልጃቸው። ሦስት ምስክርም አስፈርሜያለሁ። የገባ ፎርም ሁሉ እሑድ ጉባኤው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ተራዬ ደረሰ። አየሽ፣ ቀና ብለው አዩኝ... ደግ ሰው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ልጅ ይውጣላቸው፣ የልጅ ልጅ ይብዛላቸው። የልጅ ልጆቻቸውም፣ እሳቸው አያታቸውን እንዳከበሩ... ልክ እንደዚያው ያክብሯቸው።