የመጽሐፍ ጠራዡ የዐሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጥናት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው፣ በእኛ ዘንድ «ጋሽ ጠራዡ» እየተባሉ የሚጠሩት ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በአገራቸው ተወልደው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥረው የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ተማሩ።

በዚሁ ሙያ ለሃያ ሁለት ዓመታት ሲያገለግሉ ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ይሁን እንጂ መንግሥት ያገደውን መጽሐፍ ጠርዘዋል ተብለው ታስረው፣ ከተፈቱም በኋላ ዳግመኛ ሊያዙ መሆኑን ሲሰሙ፣ ባለቤታቸውንና የስድስት ዓመት ልጃቸውን ተሰናብተው ተሰደዱ፤ እዚህም ጥገኝነት ጠየቁ።

ጥያቄያቸው እስኪወሰን ሥራ ስለ ተከለከሉ፣ መስኮቷ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር በምትፋጠጥ ክፍል እየኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት የተገነጣጠሉ የመዝሙር መጻሕፍትን ያለ ክፍያ ይጠርዙ ነበር። እኛም በየሳምንቱ በር ላይ ጨብጠናቸው፣ ደኅንነታቸውን ጠይቀን፣ መልሳቸውን ሳንጠብቅ እንበተን ነበር። እርሳቸውም በዚህ አገር ዘመድ አምጡ ቢባሉ በየወሩ ቀርበው የሚፈርሙበትን የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ይዘው እንደሚቀርቡ፣ ሳይሰለች ስማቸውን የሚጠራ እርሱ ብቻ መሆኑን እየቀለዱ ይናገሩ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ለመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ሲወሰን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ጸሐፊ እንደ መሆኔ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። መልካም ጠባያቸውን ለመመስከር በማሰብ፣ በማንም ላይ ቅሬታ እንደሌላቸው፣ ስለ አገራቸውም መንግሥት ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ እንደማያውቅ በዝርዝር አሰፈርሁ፤ ስለ ፍርሃታቸው ግን አንድም ቀን ጠይቄአቸው አላውቅም። መሥሪያ ቤቱ ይህንኑ ቃል ጠቅሶ፣ የሚያሰጋቸው ነገር የለም ሲል ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገ። እርሳቸው አልወቀሱኝም፤ በማግስቱ ተመልሰው መርፌና ክራቸውን አነሡ።

ከዚያ ወዲያ ታሪካቸውን ከራሳቸው አፍ ሰምተን፣ ይግባኝ ብለን፣ በየቀጠሮው ከጎናቸው ተቀመጥን። ፈቃዱ በዐሥራ አንደኛው ዓመት ሲገኝ ግን የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጥሎአቸው ነበር። ከመካከላችን ሰው ወደ ክፍላቸው ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ከሁለቱ ወንበሮቻቸው የአንደኛው የፋብሪካ ላስቲክ ገና አልተቀደደም ነበር። ቤተሰባቸውን ለማምጣት ያስገቡት ማመልከቻ ሳይታይ ባለፈው ማክሰኞ በሆስፒታል ዐረፉ፤ ማመልከቻውም በሞታቸው ምክንያት መዘጋቱ ትናንት ተነገረን።

ከኋላቸው ባለቤታቸውንና አሁን ዐሥራ ሰባት ዓመት የሞላትን ልጃቸውን ትተዋል። ልጃቸው አባቷ ሲያርፉ አጠገባቸው ማን እንደ ነበረ በስልክ ጠይቃኝ፣ ማንም እንዳልነበረ ነገርኋት። ጉባኤው እናትና ልጅን ለማምጣት በራሱ ስም አዲስ ማመልከቻ ያስገባል፤ ስለ እነርሱ የሚጻፈውንም ቃል እነርሱ ራሳቸው ይሰጣሉ።

አምላክ ለወንድማችን ነፍስ ዕረፍትን፣ ለእኛም እነዚያን ሁለት ሰዎች በዓይናችን የምናይበትን ዕድሜ ይስጠን። አሜን።