የአውሮፕላኗ ባለቤት

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዝናቡ ጋር ተሽቀዳድማችሁ ይህን የመሰናበቻ የሎሚ ኬክ ያመጣችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሮድኒ “ንግግርሽን አጭር አድርጊው” ብሎኛል። ሞተር ስፈታ አቋርጦኝ የማያውቅ ሰው ዛሬ ምን ነካው?

የሊንከንሻየር ሰው ወሬ አያበዛም ይባላል። የእኔ እናት ግን ወሬ ከሚወደው ከዌልስ ናት፤ ቅሬታ ያለው ለእሷ ያቅርብ።

አዲስ የገባችሁ እንድታውቁት፣ አሮጌ አውሮፕላን አድሰን በምናበርበት በዚህ ቤት፣ አውሮፕላን የመካኒኩ ናት። አብራሪ ይዋሳታል እንጂ የእሱ አይደለችም። ከመሳፈሩ በፊት “ልዋሳት?” ይላል፤ እኛም “እንደወሰድካት መልሳት” እንለዋለን። ከጦርነቱ ዘመን የወረስነው ወግ ነው። እኔም ብዙ ዓመት እንደ ቀልድ ስለው ኖርኩ።

ታዲያ አንድ በጋ በአየር ትርኢታችን ላይ ሚስተር ዊልፍሬድ ኦክሾት መጡ። በጦርነቱ ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላን ያበሩ የነበሩ፣ ዘጠናን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ሮድኒ ፎቶ አንሺዎቹን ሰብስቦ፣ ካደስናት አሮጌ አውሮፕላን ወንበር ላይ ሊያስቀምጣቸው ተዘጋጅቷል። እሳቸው ግን ክንፏ ሥር ደርሰው ቆሙ።

“ባለቤቷ ማነው?” አሉ።

ሮድኒ ክራቫቱን አስተካክሎ “እኔ ነኝ” አለ።

“አይደለህም፤ እጅህ ንጹሕ ነው።”

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ደግሞ አፌ ቋሊማ ጎርሷል።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጫወቱኝ። ክላረንስ የሚባል መካኒክ ነበራቸው። አንድ ማለዳ አውሮፕላኗን ከእሱ ተውሰው ወጡ፤ ተመትታ ባሕር ውስጥ ቀረች። እሳቸውን የጠላት ጀልባ አወጣቸው፣ ጦርነቱ እስኪያልቅም ታሰሩ። ሲፈቱ ክላረንስ ሞቶ ጠበቃቸው። ይቅርታ ሳይጠይቁት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አብራሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

“የተዋሰውን ያልመለሰ ሰው፣ ሌላ አውሱኝ ሲል አያፍርም?” አሉኝ።

ቋሊማዬን ዋጥኩና የመጣልኝን ተናገርኩ።

“ሚስተር ኦክሾት፣ እናንተ አብራሪዎቹ ከወጣችሁ በኋላ እኛ መካኒኮቹ ሜዳው ላይ ቆመን ሰማይ ሰማዩን ስናይ፣ የምንጠብቀው አውሮፕላኗን ይመስልዎታል? አውሮፕላንማ ፋብሪካው ሌላ ይሠራል።”

ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“ታዲያ ለምን እንዲህ ብላችሁ አትነግሩንም ነበር?”

“እንግሊዞች አይደለን? ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል?”

ሳቁ፤ እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ “ልዋሳት?” አሉኝ። “ይዋሷት” አልኳቸው። ደግፈን ወንበሩ ላይ አወጣናቸው። መሪውን ጨብጠው አልወርድም ብለው፣ ዝናቡ እስኪጀምር ተቀመጡ። ፎቶ አንሺዎቹ ሰልችቷቸው ወደ አይስክሬም ሻጩ ሄዱ። ሮድኒም አብሯቸው ሄደ።

አብራሪዎቻችን ሆይ፣ እኔም አፍ አውጥቼ ነግሬያችሁ አላውቅም። “መልሳት” ባልኳችሁ ቁጥር ስለ ብረቱ ግድ አልነበረኝም። ሻዩን አስቀዝቅዤ ደጅ የምቆመው እናንተን ስጠብቅ ነው። እወዳችኋለሁ፤ ይኸው፣ ተናገርኩት።

ለምትቀሩት መካኒኮች እጃችሁ ይባረክ። ሮድኒ፣ አንተም ዕድሜ ይስጥህ፤ ጡረታዬን አታዘግይብኝ እንጂ። እናንተ የምትበሩት ደግሞ፣ ሰማዩ ይጥራላችሁ፣ ነፋሱ ይታዘዝላችሁ። ከነገ ጀምሮ ደጅ ቆሜ አልጠብቃችሁም፤ እባካችሁ፣ ወጥታችሁ ግቡ።